እንቅልፍና የአፍ ጤንነት
(ለሆሞሻና ለአሶሳ አካባቢ አድማጮች በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናቀርብላችሁ ንግግር ስለ ሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው እንቅልፍ፥ ሁለተኛው አፍ። እነዚህን ሁለቱን በአንድነት ማንሣታችን ለአንዳንዱ አድማጭ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። እንቅልፍ የአካልና የአእምሮ ዕረፍት ነው፤ ጥርስ ደግሞ የመብል መሣሪያ ነው፤ ታዲያ ሁለቱን ምን አገናኛቸው? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ነገር ግን ጥርሱን ታሞ ሌሊቱን በሙሉ ጉንጩን ደግፎ ያደረ ሰው ግንኙነታቸውን ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የማናስተውለው ሁለተኛውን ወገን ነው፤ ይኸውም የአፍ ሕመም እንቅልፍን እንደሚነሣ ሁሉ፥ የአተኛኘታችንም ሁኔታ በበኩሉ አፍን የሚጎዳ ወይም የሚጠብቅ መሆኑ ነው። ከዚህም የተነሣ እንቅልፍ ያጣ ሕፃን ሳያጠፋ ጥርሱን የሚያጣበት ጊዜ አለ። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ እንጀምር።

ምራቅ የአፍ ዘበኛ ነው

ምራቅ በብዙ ሰው ዘንድ የተናቀ ነገር ነው። ሲተፉት እንጂ ሲያመሰግኑት አይሰማም። ዳሩ ግን ጥርስን እንደ ምራቅ የሚጠብቅለት የለም። የአንድ ጤነኛ ሰው የምራቅ ዕጢዎች በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫሉ። ይህ ምራቅ የምግብን ፍርፋሪ እያጠበ ወደ ሆድ ያወርዳል፤ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረውን አሲድ ያበርዳል፤ ተሕዋስያንን ያዳክማል፤ በውስጡም ያሉት ካልሲየምና ፎስፌት የተባሉት ማዕድናት ከጥርሱ ላይ የተሸረሸረውን መልሰው ይጠግናሉ።

አሲዱ ከየት ይመጣል? ያልን እንደ ሆነ፥ በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ብዙ ተሕዋስያን ይኖራሉ። እነዚህም እኛ የምንበላውን ስኳርና ስታርች እነርሱም ይመገቡታል፤ ከተመገቡም በኋላ አሲድ ይተዋሉ። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ የጠነከረ ነው፤ ከአጥንትም ይበልጣል። እንዲህም ሆኖ ለአሲድ ይሸነፋል። አንድ ሰው ጣፋጭ ነገር ከቀመሰ በኋላ አሲዱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይነሣል፤ ምራቅም አብርዶ አፍን ወደ ቀድሞው ጠባዩ እስኪመልሰው ድረስ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ቀኑን ሙሉ በአፋችን ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ይህ ነው፤ ተሕዋስያን ያፈርሳሉ፥ ምራቅ ይጠግናል።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው የምራቅ ዕጢዎቹም አብረው ያርፋሉ። የምራቁ ፍሰት እጅግ ይቀንሳል፤ በከባድ እንቅልፍ ጊዜማ ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል። ተሕዋስያኑ ግን አይተኙም። ስለዚህ ሌሊት አፍ ዘበኛው የተኛበት ቤት ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ከእንቅልፍ ስንነቃ አፋችን ደርቆ፥ ሽታውም ተለውጦ የምናገኘው በዚሁ ምክንያት ነው። በቀን የተበላ ስኳር ጥርስን ይጎዳል፤ ሲተኙ በጥርስ መካከል የቀረ ስኳር ግን ከዚያ የከፋ ጉዳት ያደርሳል፤ የሚቃወመው የለምና።

የማታ መብልና የማታ ሻይ

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በሆሞሻ የዕለት ሥራ አድካሚ ነው። በእርሻ፥ ወይም ወርቅ በማጠብ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ የማሽላ ገንፎውን ከባምያ ወጥ ጋር ይመገባል። ይህ መልካም ምግብ ነው፤ ነቀፋ የለበትም። ገንፎ ግን በጠባዩ ከጥርስ ጋር ተጣብቆ የሚቀር ነው። ከእራት በኋላም ጎረቤት ይመጣል፤ ጨዋታው ሲደራም ስኳር የበዛበት ሻይ ይቀዳል፤ አንዱ ብርጭቆ ሲያልቅ ሌላው ይተካል። የማንጎ ወራት ሲሆን ደግሞ ማንጎው ይቀርባል፤ ጭረቱም በጥርስ መካከል ገብቶ ያድራል። ከዚያ በኋላ ድካም ያሸንፍና አፍ ሳይጸዳ ይተኛል።

ከዚህ ልማድ ውስጥ የሚጎዳው የትኛው ነው? ሻዩ ራሱ አይደለም፤ የስኳሩ ብዛትም ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱና ድግግሞሹ ጭምር ነው። በስዊድን አገር ሉንድ በተባለችው ከተማ በሚገኘው ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ተቋም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1945 እስከ 1953 ዓ.ም. የተደረገ ምርምር ነበር። ሕሙማኑ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ ጣፋጭ እንዲበሉ ስለ ተደረገ ሥራው ኋላ በጽኑ ተነቅፏል። ከዚያ የተገኘው እውቀት ግን እስከ ዛሬ የጸና ነው፤ ይኸውም ስኳርን ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ መውሰድ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ሲሆን፥ በጥርስ ላይ የሚጣበቅ ጣፋጭን በምግብና በምግብ መካከል ደጋግሞ መውሰድ ጥርስን በብርቱ የሚያበላሽ መሆኑ ነው። ስለዚህ ምክራችን ሻይ ተዉ የሚል አይደለም። ጣፋጩ ሻይ ከእራት ጋር ይሁን፤ ከእራት በኋላ የሚቀዳው ስኳሩ ይቀነስለት ወይም ያለ ስኳር ይሁን፤ አፍ ከተጸዳ በኋላ ግን ከንጹሕ ውሃ በቀር ምንም አይግባበት ነው የምንለው።

እዚህ ላይ እናቶችን በተለይ እናሳስባለን። ሕፃኑ ዝም ብሎ እንዲተኛ ብለው ስኳር የተጨመረበት ወተት ወይም ጣፋጭ ሻይ በጡጦ ሞልተው በአፉ እንደ ያዘ የሚያስተኙ አሉ። ሕፃኑ ሲያንቀላፋ የመጨረሻው ጉንጭ በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ዙሪያ ቆሞ ያድራል። እነዚህ ጥርሶች ገና በሁለት ዓመት ዕድሜ ጠቁረው ሲሰባበሩ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ላለውና ጡጦ ይዞ መተኛት ለለመደው ልጅ ደግሞ በጡጦው ውስጥ ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ እንጂ ሌላ አይጨመርበት።

ሙቀትና በአፍ መተንፈስ

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ ያለው ሙቀት በቆላው ወገን እንዴት እንቅልፍ እንደሚነሣ ለሆሞሻ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሰው ሲያልበው ውሃ ከሰውነቱ ይጎድላል፤ ውሃ ሲጎድል ምራቅም ይወፍራል፥ ያንሳል። በዚህ ላይ አፍን ከፍቶ መተኛት ሲጨመርበት ያለችው ጥቂት ምራቅ በትንፋሽ ትደርቃለች። በአፉ እየተነፈሰ የሚያድር ሰው የፊት ጥርሶቹና ድዱ ከሌላው ይልቅ የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ቀን ውሃ በሚገባ መጠጣት፥ ከመኝታም በፊት ጥቂት መጎንጨት ለጥርስ የሚሰጥ እርዳታ ነው። ሙቀቱ ቢያስቸግርም አጎበርን አውልቆ መተኛት ግን አይገባም፤ ወባ የሚነሣው እንቅልፍ ከሙቀት ይብሳልና።

አንድ ሰው ጉንፋን ሳይዘው ሁልጊዜ በአፉ የሚተነፍስና በብርቱ የሚያንኮራፋ ከሆነ ጉዳዩ ለሐኪም መነገር አለበት። ማንኮራፋት የሳቅ ምክንያት ሆኖ ቆይቷል፤ ነገር ግን እያንኮራፋ ሳለ ድንገት ትንፋሹ የሚቋረጥ፥ ከዚያም እንደ ታነቀ ሰው ባንኖ የሚተነፍስ ከሆነ፥ ይህ ስም ያለው በሽታ ነው። የጉሮሮው መንገድ በእንቅልፍ ጊዜ እየተደፈነ አየር ይከለክለዋል። ሰውየው ስምንት ሰዓት ተኝቶም ደክሞት ይነሣል፤ ቀን ሲሠራ ወይም መኪና ሲነዳ ያንቀላፋል፤ የደም ግፊቱም ሊጨምር ይችላል። ከአሶሳ ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ለሚመላለስ ሾፌር ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። የጥርስ ሐኪሞችም በዚህ ሕክምና ድርሻ አላቸው፤ በሽታው ቀለል ባለ ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ ጥቂት ወደ ፊት አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ለአፍ ሠርተው በመስጠት የጉሮሮውን መንገድ እንዲከፈት ያደርጋሉ። በልጆች ላይ የታየ እንደ ሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የቶንሲል ማበጥ ስለሆነ በሐኪም ይታይ፤ እንጥል ማስቆረጥ ግን መድኃኒቱ አይደለም።

የጥርስ ሕመም ለምን በሌሊት ይብሳል?

ጥርሱን የታመመ ሰው ቀን ሥራውን ሲሠራ ይውልና ማታ ጎኑን ሲያሳርፍ ሕመሙ ይነሣበታል። አንዳንዶች ይህ የሌሊት ብርድ ነው ይላሉ። ሌሎችም በጥርሱ ውስጥ ያለው ትል በሌሊት ይንቀሳቀሳል ብለው ትሉን ለማውጣት የተክል ጢስ ይታጠናሉ። በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ያለው ጥርሱን የቦረቦረው የአሲድ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው እየጠለቀ ሲሄድ በጥርሱ መካከል ወዳለው ነርቭና ደም ሥር ይደርሳል፤ ያም ክፍል ይቆጣል፥ ያብጣል። ሌላው የሰውነት ክፍል ሲያብጥ ቆዳው ይለጠጥለታል፤ የጥርስ ነርቭ ግን በድንጋይ ሣጥን ውስጥ እንደ ተዘጋ ነገር ስለሆነ መስፊያ ቦታ አያገኝም። ሰው ሲጋደም ወደ ራስ የሚሄደው ደም ግፊቱ ይጨምራል፤ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ያለውም ጭንቀት ይብሳል። በዚያ ላይ ሌሊቱ ጸጥ ያለ ስለሆነ አሳብን ከሕመሙ የሚያዘናጋ ነገር የለም።

በእንደዚህ ያለ ሌሊት ምን ይደረግ? አፉን ለብ ባለ የጨው ውሃ ይጉመጥመጥ፤ በጥርስ መካከል የቀረ ምግብ ካለ በቀስታ ያውጣ፤ ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ የማይስማማው ምክንያት ከሌለ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይዋጥ። አባቶቻችን የሚያውቁት ቅርንፉድም ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ለሕፃናት ግን አይሰጥም። አስፕሪን ፈጭቶ በድድ ላይ ማድረግ ድዱን ያቃጥላልና አይደረግ። ከሌላ ሰው ሕመም የተረፈ እንክብል እየቆጠሩ መዋጥም ከንቱ ነው፤ ቀዳዳውን አይደፍነውምና። እነዚህ ሁሉ እስኪነጋ የሚያቆዩ እንጂ የሚያድኑ አይደሉም። ሲነጋ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ ጤና ጣቢያውም ነገሩ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ወደ አሶሳ ሆስፒታል ወይም የጥርስ ሐኪም ወዳለበት ሌላ ሆስፒታል ይልካል።

ይሁን እንጂ እስኪነጋ የማይጠበቅበት ምልክት አለና በጥንቃቄ አድምጡን። የጥርስ ሕመም ያለበት ሰው ከአገጩ በታች ወይም አንገቱ ካበጠ፥ ትኩሳት ከያዘው፥ አፉን መክፈት ወይም ምራቁን መዋጥ ካቃተው፥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው፥ መርዙ ከጥርስ ወጥቶ ወደ አንገት መውረዱ ነው። ይህ ሰውን የሚገድል ነገር ነው። በዚያው ሌሊት በተገኘው መጓጓዣ ሁሉ ሐኪም ዘንድ ይድረስ።

በጥርስ ማፋጨት ጉዳይም አንድ ቃል እንጨምር። ተኝተው ሳሉ ጥርሳቸውን የሚያፋጩ ሰዎች አሉ፤ ከጎልማሶች መካከል ከመቶው አሥር ያህሉ እንዲህ እንደሚያደርጉ ይገመታል። በልጆች ሲታይ የሆድ ትል ነው ይባላል፤ ለዚህ የተረጋገጠ ማስረጃ የለም። ጭንቀት፥ የተቆራረጠ እንቅልፍ፥ ሲጋራ፥ አልኮልና የቡና ብዛት ያባብሱታል። ጠዋት መንጋጋው የሚደክመው፥ ራሱን የሚያመው፥ ጥርሱ እያለቀ የሄደ ሰው ለጥርስ ሐኪም ይናገር። ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ እያደጉ ሲሄዱ ይተዉታል።

እንቅልፍ ማጣት አፍን እንዴት ይጎዳል?

እስካሁን አፍ በሌሊት ምን እንደሚደርስበት ተናገርን። አሁን ደግሞ የእንቅልፍ ማነስ ራሱ የሚያደርገውን እንይ። ሰውነት ተሕዋስያንን የሚዋጋበትን ኃይል የሚያድሰው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በአሜሪካ አገር ፒትስበርግ በተባለው ከተማ ባለሙያዎች 153 ጤነኛ ሰዎችን መርጠው፥ በመጀመሪያ እንቅልፋቸውን ከመዘገቡ በኋላ የጉንፋን ተሕዋስ በአፍንጫቸው ጨመሩባቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. እንደ ተገለጸው፥ በሌሊት ከሰባት ሰዓት በታች የሚተኙት ሰዎች ስምንት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ይልቅ ሦስት እጥፍ ያህል ለጉንፋን የተጋለጡ ሆነው ተገኙ። ድድም እንዲሁ በየዕለቱ ከተሕዋስያን ጋር የሚዋጋ አካል ነው። የድድ በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንቅልፋቸው የጎደለ ሆኖ መገኘቱን ልዩ ልዩ ምርምሮች አሳይተዋል፤ ይሁን እንጂ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ገና በሚገባ ተለይቶ ያለቀ ጉዳይ አይደለም።

ሌላው መንገድ በምግብ በኩል ነው። በቺካጎ ከተማ 12 ወጣቶች ለሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ በተደረገ ጊዜ፥ ረኀብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን በደማቸው ውስጥ ሃያ ስምንት ከመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ የጥጋብን ስሜት የሚሰጠውም አሥራ ስምንት ከመቶ ቀነሰ። ይልቁንም የተመኙት ጣፋጭና ስታርች የበዛበትን ምግብ ነበር። ይህ ምርምር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ታትሟል። እንቅልፍ ያጣ ሰው እንግዲህ ወደ ስኳር ያዘነብላል፤ ስኳሩም ወደ ጥርስ ሕመም ይወስደዋል፤ የጥርስ ሕመሙም ተመልሶ እንቅልፍ ይነሣዋል። ክፉ ዙሪያ ጥምጥም ማለት ይህ ነው።

ጫት የሚቅሙ ሰዎችም ይህን ያስቡበት። ጫት በባሕርዩ የሚያነቃ ስለሆነ እንቅልፍን ያባርራል፤ አፍንም ያደርቃል። አፍ ሲደርቅ ደግሞ ጣፋጭ ሻይ ወይም ለስላሳ መጠጥ ይጎነጩበታል። ከዚያም ገና ከጉንጭ ሳይጠፋ ሌሊቱ ይጋመሳል። የደረቀ አፍ፥ ስኳርና የጎደለ እንቅልፍ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ተሰበሰቡ ማለት ነው። መተው ያልቻለ ሰው ቢያንስ በጊዜ ያብቃ፥ ከስኳር ይልቅ ውሃ ይጠጣበት፥ ከመተኛቱም በፊት አፉን አጽድቶ ይተኛ።

የማይተኛ ሕፃን የጥርስ ወንጀል የለበትም

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቀስነው ጉዳይ ደረስን። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች፥ በጎረቤት ሱዳንም ጭምር፥ አንድ ሕፃን ሌሊት አልተኛ ብሎ ሲያለቅስ፥ ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው፥ ግግ ነው ይባላል። ድዱን ሲያዩት ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፤ ያን ጊዜ በዚህ ሥራ የታወቀ ሰው ይጠራና በስለት ወይም በሌላ ሹል ነገር ድዱን ቀድዶ ገና ያልወጣውን የወተት ጥርስ ፈልፍሎ ያወጣዋል። ወላጆች ይህን የሚያደርጉት ለልጃቸው ከማዘናቸው የተነሣ መሆኑን እናውቃለን። ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን ይዞ ያደረ ወላጅ የማይሞክረው ነገር የለም።

ነገር ግን ያ ነጭ እብጠት በሽታ አይደለም፤ በጊዜው ሊወጣ የተዘጋጀ ጤነኛ የክራንቻ ጥርስ ነው። የሕፃን ጥርስ በስድስት ወር ገደማ መብቀል ይጀምራል፤ በሦስት ዓመት ገደማ ሃያው ይሟላል። ጥርስ ሲበቅል ድድ ያሳክካል፥ ለሀጭ ይበዛል፥ እንቅልፍም ጥቂት ይረበሻል። ብርቱ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን ከጥርስ አይመጡም። እንደ ሆሞሻ ባለ ወባማ አገር የሚያተኩሰውና የማይተኛ ሕፃን ወባ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ የሳንባ ምች ወይም የጆሮ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ጥርሱ ሲፈለፈል ደም ይፈሰዋል፤ ባልጸዳው ስለት መርዝ ይገባበታል፤ ከሥሩ የተዘጋጀው ቋሚ ጥርስም ይበላሻል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እውነተኛው በሽታ ሳይታከም ጊዜው ማለፉ ነው። ጥርሱ ወጣለት ተብሎ ቤት የዋለው ሕፃን በወባው ወይም በተቅማጡ ይሞታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ጎጂ ልማዶች ብሎ፥ በእነርሱ ምክንያት በሕፃናት ላይ የሚደርሰውን ሞትና ጉዳት የሚያስቀጣ አድርጎታል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ሕፃኑ ጥርስ በማብቀሉ ብቻ ከተነጫነጨ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ነክራችሁ ይንከስበት፤ ድዱንም በታጠበ ጣት አሹት። ካተኮሰው ግን በዚያው ቀን ለወባ ይመርመር። ካስቀመጠው ሕይወት አድን የሚባለውን ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ጡትም አይቋረጥ፤ ወደ ጤና ኬላም ውሰዱት። ስለት ይዞ ለሚመጣው ሰው ግን ልጃችሁን አትስጡ። ይህን ንግግር የሰማችሁ ሁሉ፥ አማርኛ ለማይሰማው ጎረቤታችሁ በበርታ ቋንቋ ብትነግሩልን ትልቅ ውለታ ነው።

መፋቂያና የመኝታ ሥርዓት

አፍን ማጽዳት ለሆሞሻ ሕዝብ አዲስ ትምህርት አይደለም። በእስልምና ሃይማኖት ሲዋክ የተወደደ ሥርዓት ነው፤ ነቢዩ ሙሐመድም በሌሊት ለጸሎት ሲነሡ አፋቸውን በሲዋክ ያጸዱ እንደ ነበር ይነገራል። በደጋው አገርም ወይራና ክትክታ የመሳሰሉት ለመፋቂያነት ከጥንት የታወቁ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅትም ይህ ልማድ ባለበት አገር ሁሉ በመፋቂያ መጠቀምን ደግፎታል። ጉድለቱ በመፋቂያው ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንፋቀው ጠዋት ነው፤ ጠዋት መፋቅ መልካም ሲሆን፥ ተሕዋስያኑ ሌሊቱን ሲሠሩ ካደሩ በኋላ ነው። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ቢሆን የማታው ይበልጣል። በረመዳን ወር ደግሞ ሰሑር በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው፥ የጾሙ ሰዓት ሳይገባ ጥርሱን አጽድቶ ይተኛ።

መፋቂያው አዲስ የተቆረጠ፥ ጫፉ በሚገባ ታኝኮ እንደ ብሩሽ የለሰለሰ ይሁን፤ የፊት ጥርሶችን ብቻ ሳይሆን የኋላ መንጋጋዎችንና የውስጡን ገጽ ይድረስ፤ ድድን እንዳያቆስል በኃይል አይፈተግ። ገንዘብ የፈቀደለት ሰው ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና ይጨምርበት፤ ፍሎራይድ የጥርስን ሽፋን ያጠነክራልና። ሳሙናው ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ የምታህል፥ እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። ከተፋቁ በኋላ አረፋውን መትፋት እንጂ ወዲያው በብዙ ውሃ መጉመጥመጥ አያስፈልግም፤ ፍሎራይዱ ሌሊቱን በጥርስ ላይ ቢቆይ ዘበኛው በተኛበት ሰዓት ምትክ ይሆናል።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ያላቸው አረጋውያን አባቶችና እናቶች ማታ አውልቀው፥ አጥበው፥ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት። በጃፓን 524 በሆኑ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አምስት ዓመት በላይ በሆነ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ላይ በተደረገ ክትትል፥ ጥርሱን እንደ ሰኩ የሚተኙት ካወለቁት ይልቅ ከእጥፍ በላይ ለሳንባ ምች የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል።

እንቅልፉንም በመጠኑ እንስጠው። ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት፥ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላለ ተማሪ ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባዋል። በክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ ሁሉ ሰነፍ አይደለም፤ መምህራን ከመቅጣታቸው በፊት አፉን ከፍቶ እንዲያሳያቸው ቢጠይቁት ብዙ ጊዜ የሌሊቱን ምክንያት ያገኙታል።

ክቡራን አድማጮች፥ የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፥ የአፍ በሽታዎች ሦስት ቢሊዮን ተኩል የሚያህሉ ሰዎችን እንደሚያጠቁ አስታውቋል። አብዛኛው ግን አስቀድሞ ሊከለከል የሚችል ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ጥርስ ሳይቦረቦር የሚያስፈልገው ጥቂት ነገር ነው፤ መፋቂያው ከመኝታ አጠገብ ይቀመጥ፥ ከእርሱ በኋላ ውሃ ብቻ ይጠጣ፥ መብራቱም በጊዜ ይጥፋ። ከተቦረቦረ በኋላ ግን ሩቅ መንገድ፥ ገንዘብና ያልተተኛ ሌሊት ይጠይቃል።

ለዛሬው ያዘጋጀነው ይኸው ነበር።  ደኅና እደሩ፤ ስትተኙም አፋችሁን አጽድታችሁ ተኙ።